ሲሳሳት ወዴት ይመለሳል?

እ.ኤ.አ. በ1872 ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ለባቡር ምልክት አንድ ዘዴ ፈለሰፈ። በሐዲዱ አንድ ጫፍ ባትሪ፣ በሌላው ጫፍ ምልክቱን የሚይዝ ማግኔት አደረገ። መስመሩ ባዶና ደኅና ከሆነ ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ብረቶች ዞሮ ማግኔቱን ያነቃል፤ ምልክቱም “እለፍ” ይላል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹ ሁለቱን ብረቶች ስለሚያገናኙ ኃይሉ ማግኔቱ ዘንድ ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ምልክቱ “ቁም” ላይ ይወድቃል። የሮቢንሰን ብልሃት የሚጎላው ግን ዕቃው ሲበላሽ ነው። ባትሪው ቢያልቅም፣ ሽቦው ቢበጠስም፣ ሐዲዱ ቢሰበርም ምልክቱ የሚወድቀው እዚያው “ቁም” ላይ ነው። መሣሪያው ሲሳሳት ወዴት እንደሚሄድ ገና ሲሠራ ተወስኖለታል።

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ሲጀመር፣ የባቡር ምልክት ሙያ ይህን መርህ ይዞ አንድ መቶ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ሐራም የዚህ መስመርና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው የሌላው መስመር መጋጠሚያ እንድትሆን ታቀደች። ለባቡር መልሱ ግልጽ ነው፤ ስትጠራጠር ቁም። ባቡር ሜዳ ላይ ቢቆም ተሳፋሪው ይዘገያል እንጂ አይሞትም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ግን መቆም ራሱ አደጋ የሚሆንባቸው ሥራዎች አብረው መጡ። የሚበር አውሮፕላን አይቆምም። በሥራ ላይ ያለ የስልክ ማዕከል አይቆምም። ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ሌላው ሳይገባ መሐል ላይ አይቆምም። የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ስልሳ ዓመት ሙሉ የታገሉት ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው፤ ፕሮግራም ሲሳሳት ወዴት ይመለሳል? ታሪኩ የሩቅ አገር ሰዎች ታሪክ ይመስላል። ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ሁለቱ የተጻፉት ግን እዚህ እኛው ዘንድ ነው፤ አንዱም በሰው ሕይወት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልስ አልነበረም። ፕሮግራሙ በዜሮ ለማካፈል ከሞከረ ማሽኑ ይቆማል፤ የሜሞሪው ይዘት በቁጥር ተደርድሮ በወረቀት ይወጣል፤ ባለሙያው እርሳስ ይዞ ስህተቱን ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1962 በኤምአይቲ በነጆን ማካርቲ የተዘጋጀው ሊስፕ 1.5 የተባለው ቋንቋ “ኤረርሴት” የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይዞ መጣ። አንድን ሥራ በኤረርሴት ውስጥ አስገብተህ ብታሠራውና ቢሳሳት ፕሮግራሙ በሙሉ አይሞትም፤ ኤረርሴቱ ወዳለበት ይመለስና “አልተሳካም” የሚል ምልክት ይሰጥሃል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስህተት የደረሰበት ቦታና ስህተቱን የሚያስተናግደው ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለያዩ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ መለያየት ልጅ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የአይቢኤሙ ፒኤል ዋን ሌላ መንገድ ሞከረ። ፕሮግራመሩ “በዜሮ ማካፈል ካጋጠመ ይህን አድርግ” ብሎ አስቀድሞ ያስመዘግባል። ስህተቱ ሲደርስ የተመዘገበው ኮድ ይሠራል፤ ከዚያም ለብዙ ዓይነት ስህተት ፕሮግራሙ ከተቋረጠበት ቦታ መቀጠል ይችላል። ስህተቱን ጠግኖ ምንም እንዳልሆነ መቀጠል! ሲሰሙት ያጓጓል። ሐሳቡ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ብዙ ብልህ ሰዎችን ማርኮ ኖሯል፤ መጨረሻውን እንደርስበታለን።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1968 የኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ በጀርመኗ ጋርሚሽ የጠራው ጉባኤ ተካሄደ። የተሰበሰቡት ባለሙያዎች አንድ መራራ ነገር አመኑ፤ ትልልቅ ሶፍትዌሮች ከሠሪዎቻቸው ቁጥጥር እየወጡ ነው። የጉባኤውን ዘገባ ካዘጋጁት ሁለት ሰዎች አንዱ ብራያን ራንደል ነበር። ራንደል ወደ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ባልደረቦቹን አሰባሰበና የሥራውን መነሻ እንዲህ አደረገ፦ ሶፍትዌር ውስጥ ሁልጊዜ ያልታወቀ ስህተት ይኖራል፤ ስለዚህ ስህተት ያለበት ፕሮግራም እንዴት ሥራውን ይቀጥል?

በ1975 ያሳተመው መልስ “የማገገሚያ ብሎክ” ይባላል። ፕሮግራሙ አንድ አስጊ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለበትን ሁኔታ ይመዘግባል፤ ይህ መመለሻ ነጥቡ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ውጤቱ ለፈተና ይቀርባል፤ የተደረደሩት ቁጥሮች እውነት ተደርድረዋል? ድምሩ ይገጥማል? ካላለፈ፣ ማሽኑ የሠራውን ሁሉ ሰርዞ ወደ መመለሻ ነጥቡ ይሄድና ሌላ ሰው በሌላ ዘዴ የጻፈውን ተለዋጭ ኮድ ያስኬዳል። በዚህ ሐሳብ ውስጥ ከሁሉ የምወደው የፈተናውን ቦታ ነው። ራንደል ማሽኑ “ተሳስቻለሁ” እስኪል አልጠበቀም፤ ማሽኑ “ጨርሻለሁ” ሲል ሥራውን ፈተነው። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በ2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት በአገራችን የጎደለው እሱ ነው።

በዚያው በ1975 ጆን ጉዲነፍ የተባለ ተመራማሪ እስከዚያ ድረስ ተበታትኖ የነበረውን ሐሳብ ሁሉ ሰብስቦ ሥርዓት አስያዘው። ለስህተቱ የተሰጠው መልስ ሲያበቃ ሥራው ከተቋረጠበት ይቀጥላል ወይስ የተሳሳተው ሥራ ተጥሎ ላኪው ዘንድ ይመለሳል? ሁለቱ መንገዶች “መቀጠል” እና “ማቋረጥ” ተብለው ተለዩ፤ ክርክሩም ስም አገኘ።

እዚህ ላይ ከሲ ቋንቋ ጋር መተዋወቅ አለብን፤ ምክንያቱም ዓለም ብዙ ሥራዋን የሠራችው በዚያ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ በዴኒስ ሪቺ የተሠራው ሲ ለስህተት የተለየ ነገር አላዘጋጀም። ፈንክሽን የሚባለው የፕሮግራም ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ለጠራው ኮድ ቁጥር ይመልሳል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ከዜሮ በታች ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው። ማየት ያለበት ጠሪው ነው። ጠሪው ካላየው ስህተቱ በዝምታ ያልፋል፤ ፕሮግራሙም የተበላሸ ውጤት ይዞ ይሄዳል። ጥንቁቅ ሰው በሲ አስተማማኝ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ሠርቷልም። ነገር ግን ሺህ ጊዜ ተጠንቅቆ አንድ ጊዜ የዘነጋ ሰው እንዳልተጠነቀቀ ይቆጠራል።

የኤምአይቲዋ ባርባራ ሊስኮቭና ተማሪዎቿ የሠሩት ክሉ የተባለው ቋንቋ ነገሩን ለውጦታል። ሊስኮቭና አላን ስናይደር በ1979 ያሳተሙት ጽሑፍ ራንታይም የሚባለው፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረው ክፍል፣ ስህተትን እንዴት ተቀብሎ እንደሚያደርስ በዝርዝር ያሳያል። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ብዙ ቋንቋዎች የሚሠሩት ከሞላ ጎደል በዚያው መንገድ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው።

አንድ የሐራ ነጋዴ ማሽላ ሊያስጭን ደላላ ይልካል። ደላላው ቀብድ ተቀብሎ መጋዘኑን ያስከፍትና ረዳቱን ይልካል፤ ረዳቱ ጆንያ ተከራይቶ አንድ ልጅ ወደ ሚዛን ይልካል። ሚዛኑ ተሰብሯል። ልጁ ሚዛን መጠገን አይችልም፤ ሌላ ሚዛን ለመከራየት መወሰንም የእሱ ድርሻ አይደለም። ስለዚህ “ሚዛን የለም” የሚለውን ወሬ ይዞ ይመለሳል። ረዳቱም መፍትሔ ከሌለው ጆንያውን መልሶ ወደ ደላላው፣ ደላላውም መጋዘኑን አዘግቶ ቀብዱን መልሶ ወደ ነጋዴው ይሄዳል። ነጋዴው ብቻ “ነገ መርሳ ከተማ ይመዘን” ብሎ ሊወስን ይችላል።

በኮምፒውተር ውስጥ የእያንዳንዱ ተላላኪ መዝገብ “ስታክ” በሚባለው የሜሞሪ ክፍል አንዱ ባንዱ ላይ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ መዝገብ ውስጥ “ሥራህን ስትጨርስ እዚህ አድራሻ ተመለስ” የሚል ቁጥር አለ። ስህተት ሲነሣ ራንታይሙ ያን አድራሻ ያነብና ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ይከፍታል። ሠንጠረዡ ከዚህ አድራሻ እስከዚያ አድራሻ ባለው ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት ቢደርስ ተቀባዩ የት እንዳለ ይናገራል። ተቀባይ ካለ ሥራው ወደዚያ ይዛወራል። ከሌለ መዝገቡ ይነሣና ከሥሩ ያለው ይታያል፤ እንዲህ እያለ ወደ ላኪው ይወርዳል። የዚህ ዘዴ ውበት በሰላሙ ጊዜ ዋጋ አለማስከፈሉ ነው። ስህተት እስካልመጣ ድረስ ሠንጠረዡን ማንም አይነካውም፤ ፕሮግራሙም በሠንጠረዡ ምክንያት አይዘገይም።

ክሉ የጉዲነፍን ክርክር የፈታው “ማቋረጥ”ን በመምረጥ ነው። የተሳሳተው ሥራ ሞቷል፤ መነሣት የለውም፤ ላኪው ከመጀመሪያው ሊያስጀምር ይችላል። ደግሞም ፈንክሽኑ ሊያመጣ የሚችለውን ስህተት ሁሉ ፊት ለፊት ማስታወቅ አለበት። ያልታወቀ ስህተት ሾልኮ ቢመጣ “ፌይለር” ወደሚባል አንድ ጥቅል ስም ይለወጣል።

በዚሁ ጊዜ የዳታቤዝ ሰዎች በሌላ በር ገብተው ነበር። ጂም ግሬይ በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ የግብይትን ሐሳብ አብራራ፤ ገንዘብ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ይገባል፣ ወይም ምንም አልሆነም፤ መሐል የለም። ዘዴው መዝገብ ነው። ሒሳቡን ከመንካትህ በፊት ምን ልታደርግ እንደሆነ በማይጠፋ መዝገብ ላይ ጻፍ። መብራት ቢጠፋና ማሽኑ ቢነሣ መዝገቡን ያነባል፤ የተጠናቀቀውን ያጸናል፣ በእንጥልጥል የቀረውን ይሰርዛል።

ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ የኤሪክሰን የኮምፒውተር ሳይንስ ላቦራቶሪ ለስልክ ማዕከል የሚሆን ቋንቋ ይፈልግ ነበር። በ1986 ጆ አርምስትሮንግ ሥራውን ጀመረ፤ ሮበርት ቪርዲንግና ማይክ ዊልያምስ ተባበሩት። ስሙ ኤርላንግ ተባለ። የስልክ ማዕከል ጠባይ ልዩ ነው፤ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያወራሉ፤ የአንዱ ጥሪ ቢበላሽ የሌላው ሊነካ አይገባም፤ ማዕከሉ ለጥገና ተብሎ አይዘጋም።

አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ ለእያንዳንዱ ጥሪ ፕሮሰስ የሚባል፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሰጡት። ፕሮሰሶቹ ሜሞሪ አይጋሩም፤ በመልእክት ብቻ ይነጋገራሉ። አንዱ ሲሳሳት ራሱን ለመጠገን አይሞክርም፤ ይሞታል። ነገር ግን ብቻውን አይሞትም። ከእሱ ጋር የተሳሰረ ሌላ ፕሮሰስ ሞቱንና ምክንያቱን ይሰማል። ይህ ሰሚ “ሱፐርቫይዘር” ይባላል፤ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። የሞተውን ከሚታወቅ መነሻ እንደ አዲስ ያስጀምራል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ደጋግሞ ከሞተስ? ያኔ ሱፐርቫይዘሩ “ችግሩ ከእኔ አቅም በላይ ነው” ይልና እሱም ይሞታል፤ ከላዩ ያለው ሱፐርቫይዘር ይሰማል። ስህተቱ አቅም ያለው እስኪያገኝ ድረስ ሽቅብ ይሄዳል።

ይህን ሐሳብ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ። የታመመ ሰው ራሱን በትክክል ሊመረምር እንደማይችል የተረዳ ሐሳብ ነው። አእምሮው የተቃወሰ ፕሮግራም “ደኅና ነኝ” ሲል ማመን አይገባም፤ ጤናውን ሊፈርድ የሚችለው ከውጭ የቆመ ነው። ኤሪክሰን በ1998 ለአዳዲስ ምርቶች ኤርላንግን እንዳይጠቀሙ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ቋንቋው ለሕዝብ በነፃ ተለቀቀ፤ ኋላም የኩባንያው የሞባይል ኢንተርኔት መሣሪያዎችና ዋትስአፕ ሳይቀሩ በእሱ ተሠሩ። አርምስትሮንግ ዋናውን ሐሳብ በ2003 በዶክትሬት ጽሑፉ ሰብስቦ አስቀመጠው፤ ርዕሱም የሶፍትዌር ስህተት እያለ አስተማማኝ ሲስተም ስለመሥራት ነው።

በ1987 ሄክተር ጋርሲያ ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም ለግሬይ ሐሳብ አንድ ቀዳዳ ደፈኑ። ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ሥራ ሲሆን ሁሉንም በእንጥልጥል ማቆየት አይቻልም፤ ደረጃ በደረጃ ይጸናል። የጸና ነገር ደግሞ አይሰረዝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደረጃ ማካካሻ ሥራ አብሮ ይዘጋጅ አሉ፤ ከፍሎ ከሆነ የሚመልስ፣ አስይዞ ከሆነ የሚለቅ። ስሙን “ሳጋ” አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የሲ ፕላስ ፕላስ ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ሲሰበሰብ የቆየው ክርክር ተፈታ። ቢያርኔ ስትሮስትሩፕና አንድሩ ኬኒግ “ማቋረጥ”ን ይዘው ቀርበዋል፤ “መቀጠል”ን የሚፈልጉም ብዙ ነበሩ። ያኔ ጂም ሚቼል ተናገረ። እሱ በዜሮክስ ኩባንያ ሜሳና ሲዳር በሚባሉ፣ ሁለቱንም መንገድ በሚፈቅዱ ቋንቋዎች ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ምስክርነቱ ጠንካራ ነበር፤ በግማሽ ሚሊዮን መስመር ኮድ ውስጥ “መቀጠል” ቀስ በቀስ በ“ማቋረጥ” እየተተካ ሄዶ መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም እውነተኛ ስህተት አልነበረም። ኮሚቴው አመነ። በሐሳብ ደረጃ ያማረው “መቀጠል” በልምድ ተሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የክሉ የሠንጠረዥ ዘዴ በሲ ፕላስ ፕላስ ተስፋፋ፤ አንድ ጠቃሚ ነገርም ተጨመረበት። ራንታይሙ በስታኩ ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል። በመጀመሪያው ጉዞ ምንም ሳይነካ ተቀባይ ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ፋይሉን እየዘጋ፣ ሜሞሪውን እየመለሰ፣ ቁልፉን እየከፈተ ይወርዳል። ተቀባይ ካልተገኘ ሁለተኛው ጉዞ አይጀመርም። ፕሮግራሙ ባለበት ይቆማል፤ የስህተቱ ማስረጃ ሳይፈርስ ለመርማሪው ይቆያል።

ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጉያና ኩሩ የተተኮሰችው አሪያን 5 ሮኬት፣ አራት ሳተላይቶችን ይዛ 40 ሰከንድ እንኳ ሳትሞላ አየር ላይ ፈነዳች። የአቅጣጫ መለኪያ ኮምፒውተሯ ኮድ የተጻፈው በአዳ ነው፤ አዳ ደግሞ ስህተትን በማስተናገድ የታወቀ ቋንቋ ነው። ኮዱ የተወሰደው ከአሪያን 4 ነበር። አዲሷ ሮኬት ከቀድሞዋ ፈጥና ስለተጓዘች አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሲለወጥ አልበቃ አለው። ስህተቱ ተገኘ። በዚያ ቦታ ግን ተቀባይ አልተጻፈለትም፤ የሲስተሙ ጥቅል መመሪያ ደግሞ “ኮምፒውተሩን አጥፋ” የሚል ነበር። መለዋወጫው ኮምፒውተር ያንኑ ኮድ ስለሚያስኬድ በዚያው ምክንያት አስቀድሞ ጠፍቷል። ዋናውም ሲጠፋ የላከውን የስህተት መግለጫ የበረራው ኮምፒውተር የአቅጣጫ መረጃ መስሎት የሞተሮቹን የጋዝ መውጫዎች አጠመዘዘ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ያ ስሌት ሮኬቷ ከመሬት ከተነሣች በኋላ ጭራሽ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ለባቡር ትክክል የሆነው “ቁም” ለሮኬት የሞት ፍርድ ሆነ። ተለዋጩ በሌላ ዘዴ ይጻፍ ያለው ራንደልም ሰሚ አላገኘም ነበር።

የኋለኞቹን ቋንቋዎች በአጭሩ ላሳልፍ። ጃቫ ሊመጡ የሚችሉ ብዙ ስህተቶችን ማስታወቅን ግዴታ አደረገ፤ ፕሮግራመሮች ተሰላችተው ባዶ ተቀባይ እየጻፉ ስህተቱን መቅበር ለመዱ። የጉግሉ ጎ ወደ ሲ መንገድ ተመለሰና ስህተትን እንደ ተራ ውጤት መለሰው፤ ለከባዱ ብቻ “ፓኒክ” እና “ሪከቨር” አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ረስት ደግሞ ውጤቱን ስህተት ሊሆን በሚችል መጠቅለያ ያስረክብሃል፤ ሳትከፍተው በውስጡ ያለውን አታገኝም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ከጠዋቱ 2:38 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ወዲያው የአፍንጫውን ቀና ማለት የሚለካው የግራው ሴንሰር ከእውነት የራቀ ቁጥር ማሳየት ጀመረ፤ ወደ 75 ዲግሪ። የቀኙ ሴንሰር 15 ዲግሪ ያህል ይል ነበር። በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተጫነው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ከመጠን በላይ ቀና ያለ መስሎት አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድ ኑር መሐመድ ታገሉት፤ የኤሌክትሪኩን ማስተካከያ ቆረጡ፤ በእጅ ለመመለስ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ኃይሉ ሲመለስ ሶፍትዌሩ እንደገና ገፋ። በተነሣ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ በዚሁ ምክንያት 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

በኤምካስ ውስጥ የተነሣ የስህተት ምልክት አልነበረም። ኮዱ ከጸሐፊዎቹ የተሰጠውን በትክክል ፈጸመ። የጎደለው የውጤት ፈተናው ነው፤ ሁለቱ ሴንሰሮች ይስማማሉ? የጎደለው ሱፐርቫይዘሩ ነው፤ ይህ ሥራ ስንት ጊዜ ተደጋገመ? ማሻሻያው እነዚህኑ ይዞ መጣ፤ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሴንሰር ያነጻጽራል፣ ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ራሱን ያገልላል፣ ለአንድ አጋጣሚ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ሁለቱም ሐሳቦች በመጻሕፍት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ነበር። እነዚያ ሰዎች የሞቱት ሰው ባላወቀው ነገር አልነበረም፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መዝገብ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ከተማና ሐብሩ ወረዳ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ሕዝቡ ለወራት ከዓለም ተለየ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ወደመ። ሐራ የሚደርሰው የባቡር መስመርም ከዘረፋና ከጉዳት አልዳነም። የግሬይ መዝገብ ማሽኑ ሲነሣ የቀረውን ይነግረዋል፤ ግን መዝገቡ ራሱ እንዲተርፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ከባድ ሥራ የሚሠሩ ሁሉ መዝገባቸውን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሕንፃ በብዜት ያስቀምጣሉ። ለእኛ አካባቢ ይህ ከመማሪያ መጽሐፍ ምክር በላይ ነው።

አርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ካላቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ አወቁ። ወሬው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ተዛመተ፤ በኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያላግባብ ወጥቷል።

ብዙዎች “ሲስተሙ ለምን ወደ ኋላ አልመለሰውም?” ብለው ጠየቁ። መልሱ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። የግሬይ መዝገብ የሚሰርዘው በእንጥልጥል የቀረውን ነው። ያን ሌሊት ግን እያንዳንዱ ግብይት በማሽኑ ዓይን ሙሉ ሆኖ ጸንቷል። ሒሳቡ ይበቃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ፈተና ሥራውን አልሠራም፤ ስህተት ካልታየ ደግሞ ማገገም አይጀመርም። የቀረው መንገድ የነጋርሲያ ሞሊና ማካካሻ ብቻ ነበር፤ የወጣውን በሌላ ግብይት መመለስ። ማካካሻው በኮድ አልተዘጋጀም፤ የተፈጸመው በሰው ነው። ባንኩ ተማጸነ፣ አስጠነቀቀ፣ የማይመልሱትን ስም አወጣ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መክረው እንዲመልሱ አደረጉ። በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። በእግሩ ባንክ ሄዶ የከፈለውም ሰው ብዙ ነው።

ከአራት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሃ ግብር ተጀመረ። ዛሬ በወልድያ፣ በመርሳና በሐራ ስልካቸው ላይ ፕሮግራም የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ጀማሪ ከሚቀስማቸው የመጀመሪያ ልማዶች አንዱ ግን ክፉ ነው፤ በፓይተን “ኤክሴፕት” ብሎ ከሥሩ “ፓስ” መጻፍ፣ ማለትም ስህተት ቢመጣ ዝም ብለህ እለፍ ማለት። ስህተቱን የሚናገረው ቀይ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ስህተቱ ግን ማንም ሳያየው ይቀጥላል።

ለአስተማሪዎች የምለምነው ይህን ነው፤ ማገገምን የመጨረሻ ዓመት ትምህርት አታድርጉት። በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ተማሪው ገና ድምር የሚደምር ፕሮግራም ሲጽፍ፣ ውጤቱን የሚፈትን ሌላ ክፍል አብሮ ይጻፍ፤ ፈተናውን ሲወድቅም ወዴት እንደሚመለስ ያሳይ። የምትማሩ ልጆችም ፕሮግራማችሁን ለሰው ከማስረከባችሁ በፊት ሥራው መሐል ላይ ሳለ ኮምፒውተሩን አጥፉበት፤ ስታስነሡት ከየት እንደሚጀምር እዩ። ያላወቃችሁት ቦታ ከተገኘ ገና አላለቀም፤ አታስረክቡት።